ናፍጣ ሞተር አንዱ ሲሊንደር እየሳተ ይንቀጠቀጣል፤ ፖምፓ ተሠራ፣ ኖዝል ተቀየረ፣ ለውጥ የለም

ባለ ዶልፊን — ጥቅምት 9

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ ዶልፊን ሃይኤስ ናት፤ ሞተሯ 5ኤል፣ ናፍጣ የሚገፋው ፖምፓዋም ኮምፒውተር የማያውቀው የድሮው ዓይነት። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን፣ አንዳንዴም እስከ ሸዋ ሮቢት ትሠራለች። ጠዋት ተነሥታ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ስትቆም ከወንበር እስከ መስተዋት ትንቀጠቀጣለች፤ መካኒኮች «ሚስ ታደርጋለች» የሚሉት ነው። ከጭስ ማውጫው ዓይን የሚያቃጥል ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ያልነደደ ናፍጣ ይሸታል። ሞተሩ ሲሞቅ ጭሱ ይጠፋል፤ መንቀጥቀጡ ግን ይቀንሳል እንጂ አይተውም። ዳገት ላይ ጉልበት የላትም። የሚገርመኝ ሸዋ ሮቢት ስወርድ ከሞላ ጎደል ደህና መሆኗ ነው። ደብረ ብርሃን ያደረች ዕለት ግን መናኸሪያውን በጭስ ትሞላዋለች።

እስካሁን የናፍጣ ፊልትሮ ተቀይሯል፣ ፖምፓው ወርዶ ተሠርቷል፣ ናፍጣ ወደ ሲሊንደር የሚረጩት አራቱም ኖዝሎችና ለማስነሻ የሚያሞቁት አራቱም ካንዴሌታዎች አዲስ ገብተዋል። የወጣውን ገንዘብ ባልናገረው ይሻላል። አሁን ደግሞ ሌላ ጋራዥ «ሞተሩ ይውረድ፣ ፒስተንና በዙሪያው ያለው ቀለበት፣ ፋሻው፣ ይቀየር» ይለኛል። ሞተር ከማስፈታቴ በፊት መታየት ያለበት ነገር ካለ ንገሩኝ።

---

ጋሽ ኤን ትሬ — ጥቅምት 9

ልጄ፣ ይህን ሁሉ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት አንድ ሰው «የትኛው ሲሊንደር ነው የሚስተው?» ብሎ ጠይቆህ ነበር? ከጻፍከው እንደማየው ማንም አልጠየቀህም። በአገራችን ናፍጣ ሞተር ሲያነክስ የመጀመሪያው ቃል «ፖምፓ» ነው። ፖምፓ ወርዶ ሲሠራ ደግሞ ባለመኪናው ብዙ እንደተሠራለት ይሰማዋል።

ሞተሩን አስነሥተህ ሚኒሞ ላይ አቁመው። ወደ እያንዳንዱ ኖዝል የሚገባውን ቀጭን ቧንቧ ዳዶ በ17 ቁልፍ ግማሽ ዙር ብቻ ላላ አድርግ፤ ናፍጣው በዳዶው ሥር ይንጠባጠባል፣ ያ ሲሊንደር ነዳጅ አጣ ማለት ነው። ጤነኛ ሲሊንደር ከሆነ የሞተሩ ድምፅ ወዲያው ይወርዳል፣ መንቀጥቀጡም ይብሳል። ስታላላው ምንም ለውጥ ካላሰማህ እሱ ነው፤ ቀድሞውንም አይሠራም ነበር። ያላላኸውን መልሰህ አጥብቀህ ነው ወደሚቀጥለው የምታልፈው። መነጽር አድርግ፣ በዳዶው ላይ ጨርቅ ጣል፣ እጅህን ከሚረጨው ናፍጣ ፊት አታድርግ። ሞቃት የጭስ ማኒፎልድ (ከሲሊንደሮቹ ጭሱን የሚቀበለው ቧንቧ) ላይ እንዳይፈስም ተጠንቀቅ።

በባለ ስድስት ሲሊንደሩ ፊያት ኤን ትሬ ዘመን ይህንንም ሳንነካ እናውቅ ነበር። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይነሣና ወዲያው የጭስ ማኒፎልዱ ቅርንጫፎች ላይ በየተራ ውሃ ጠብ እናደርጋለን። በአምስቱ ላይ ውሃው ጭስ ብሎ ይተናል፤ በስድስተኛው ላይ ቁልቁል ይንሸራተታል። ዛሬ ከሩቅ የሚለካ የሙቀት መለኪያ በእጅ ይዞ መዞር ይቻላል፣ ነገሩ ያው ነው።

---

የጅዳው ቴክኒሺያን — ጥቅምት 9

ጋሼ እንዳሉት ነው። እኔ የምጨምረው ሲሊንደሩ ሲታወቅ ኖዝሉን ከሌላ ሲሊንደር ጋር አለዋውጥ። ጥፋቱ ከኖዝሉ ጋር ከተዛወረ ኖዝል ነው፤ እዚያው ከቀረ ኖዝሉን ተወው፣ አዲስ መሆኑም አለመሆኑም አያከራክርም። ስታወጣው ከሥሩ ያለችውን ቀለበት አዲስ አድርግ። በኖዝሉ ዙሪያ ጥቁር ሬንጅ የመሰለ ነገር ካየህ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው አየር ግፊት) በዚያ በኩል እያመለጠ ነው፤ አንዳንዴ ነገሩ ሁሉ እሱ ብቻ ይሆናል።

---

ባለ ዶልፊን — ጥቅምት 11

አመሰግናለሁ፣ በተለይ ለጋሼ። 1ኛው፣ 2ኛውና 4ኛው ሲላሉ ሞተሩ ሊጠፋ ይደርሳል። 3ኛው ቢላላም ባይላላም ምንም ለውጥ የለም። የ3ኛውን ኖዝል ከ1ኛው ጋር አለዋወጥነው፤ አሁንም የሚስተው 3ኛው ነው። ኖዝሎቹ የተቀመጡበት ቦታ ንጹሕ ነው፣ ሬንጅ የለውም። ዳዶው ሲላላ ናፍጣ እንደሌሎቹ ይረጫል።

---

የሙያ መምህርት — ጥቅምት 11

ከዚህ ብዙ ነገር ይጣራል፤ ቀስ ብለን እንየው።

የ5ኤል ፖምፓ አከፋፋይ ዓይነት ነው። ለአራቱም ሲሊንደር ናፍጣ የሚገፋው በውስጡ ያለ አንድ ፕለንጀር ብቻ ነው፤ እየዞረ ለእያንዳንዱ መውጫ በተራ ያድላል። ስለዚህ ፕለንጀሩ ቢደክም አራቱም ይደክማሉ። አንዱን ሲሊንደር ብቻ ለይቶ ሊያስርብ የሚችለው በየመውጫው ላይ ያለችው ትንሿ የማቀበያ ቫልቮላ ናት፤ እሷም ፖምፓው ሳይወርድ ከጎረቤቷ ጋር ትለዋወጣለች። የእርስዎ መኪና ፖምፓ መውረድ ያልነበረበት በዚህ ምክንያት ነው።

የታይሚንግ ችንጋም (ባለ ጥርሱ ቀበቶ) እንዲሁ። በዚህ ሞተር ቫልቮላዎቹን የሚከፍተውን ካምሻፍትም ፖምፓውንም የሚያዞረው ያው አንድ ችንጋ ስለሆነ ጥርስ ቢዘል አራቱም ሲሊንደሮች ይታወካሉ። ናፍጣ መስመሩ አየር ቢስብም ጥፋቱ አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ይላል እንጂ ሁልጊዜ 3ኛው ላይ አይቀመጥም።

የቀረው የ3ኛው ሲሊንደር መካኒካል ጤና ነው። ናፍጣ የሚነደው ታምቆ በጋለ አየር ስለሆነ ኮምፕሬሽኑ የቀነሰ ሲሊንደር መጀመሪያ የሚስተው በብርድ ጠዋት ነው፤ ነጭ ጭሱም ሳይነድ የተነነ ናፍጣ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ። ታች አየሩ ሞቃትም ጥቅጥቅም ስለሆነ ደካማው ሲሊንደር እንደምንም ይነዳል። መኪናዎ የምታሳየው ምልክት ይህንኑ ነው የሚመስለው።

ኮምፕሬሽን ያስለኩ። አራቱም ካንዴሌታ ይውጣ፣ መለኪያው በካንዴሌታው ቀዳዳ ይታሰር፣ የናፍጣ ማቋረጫው ሶሌኖይድ ሽቦ ይነቀል፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን። የማስነሻው ሞተሪኖ ቀስ ብሎ ካዞረ ቁጥሩ ሁሉ ውሸት ነው፤ የአምራቹ መመሪያ በደቂቃ 250 ዙር ይፈልጋል። አንዱን ብቻ ለክተው አይመለሱ፣ አራቱንም ይጻፉ።

---

ባለ ዶልፊን — ጥቅምት 13

አዲስ አበባ ላይ፣ ሞተሩ ሞቆ፣ በካሬ ሴንቲሜትር በኪሎ፦

1ኛ፦ 24
2ኛ፦ 24
3ኛ፦ 18
4ኛ፦ 23.5

ሁለት ጊዜ ተለክቶ ያው ነው።

---

የጅዳው ቴክኒሺያን — ጥቅምት 13

ወንድሜ፣ ጋራዡ ያለህ እውነት ነው። የዚህ ሞተር መመሪያ 32 ነው የሚለው፤ ዝቅተኛው የሚፈቀደው ደግሞ 20። ሦስቱ ሲሊንደሮችህ 24 ላይ ናቸው፣ ያረጀ ሞተር ነው። 3ኛው ከዝቅተኛው በታች ወርዷል። ፋሻ ቀይር፣ ብሎኩን ቶርኖ ቤት አስገባ፣ ተገላገል። እኔ እዚህ 24 የሚያሳይ ሞተር ሲመጣልኝ ባለቤቱን ቶሎ ወጪውን እንዲያስብ እነግረዋለሁ።

---

የሙያ መምህርት — ጥቅምት 13

ጅዳ ላይ ትክክል ነዎት፤ አዲስ አበባ ላይ ግን አይደለም። ይህን ጉዳይ ብዙ ጋራዥ ስለሚስተው ዘርዘር ላድርገው።

መመሪያው የተጻፈው ለባሕር ጠለል አየር ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛውን ጥቂት ቢያልፍ ነው። ሲሊንደሩ የሚስበው አየር በዚያው ልክ ሳሳ ያለ ስለሆነ አምቆ የሚያወጣው ግፊትም በዚያው ልክ ይወርዳል። ባሕር ዳርቻ ላይ 32 የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ 24 ገደማ ያሳያል። ዝቅተኛው 20 የተባለውም እዚህ ወደ 15 ይወርዳል። ስለዚህ የእኚህ ሰው ሦስት ሲሊንደሮች ያረጁ ሳይሆን እንደ አዲስ ያሉ ናቸው። ስንት ጤነኛ ሞተር በዚህች ቁጥር ምክንያት እንደተፈታ እግዚአብሔር ይወቀው።

አሁን ደግሞ ተቃራኒው ጎን። 18 ከተስተካከለው ዝቅተኛ ልክ በላይ ስለሆነ «ያልፋል» የሚል ሰው ቢመጣም አትስሙት። መመሪያው በሲሊንደሮች መካከል ከ5 ኪሎ የበለጠ ልዩነት አይፈቅድም፤ እሱም በከፍታው ሲስተካከል ወደ 4 ይጠጋል። እዚህ ልዩነቱ 6 ነው። 3ኛው የታመመው ከጎረቤቶቹ ጋር ሲወዳደር ነው። ሦስት ጤነኛና አንድ በሽተኛ ያለበት ሞተር ደግሞ በእርጅና የደከመ አይደለም፤ እርጅና አራቱንም ያዳርሳል። አንድ ነገር 3ኛውን ለይቶ መትቶታል።

---

የጅዳው ቴክኒሺያን — ጥቅምት 13

ሒሳቡን እቀበላለሁ፤ እኔ ያለሁት ባሕር ዳርቻ ነው፣ የምለካውም በዚያው አየር ነው። የ3ኛው መውደቅ ግን በሁለታችንም ሒሳብ ያው ነው። ዘይት ይጨመርበትና ይለካ፤ ከፍ ካለ ፋሻ፣ ካልተነቃነቀ ቫልቮላ።

---

ቶርኖ ቤት — ጥቅምት 14

የዘይቱ ፈተና ለቤንዚን ሞተር ጥሩ ነው። ለናፍጣ ግን ያሳስታል።

የ5ኤል አንድ ሲሊንደር 746 ሴንቲሜትር ኩብ አየር ይስባል፤ የመታመቂያው መጠን 22.2 ለ1 ስለሆነ ፒስተኑ የላይኛው ጫፍ ሲደርስ የሚቀረው ቦታ 35 ሴንቲሜትር ኩብ ያህል ብቻ ነው። እዚያ ላይ አንድ ማንኪያ ዘይት ብታፈስስ ዘይቱ ራሱ ቦታ ይይዛል፤ ፋሻው ጤነኛ ቢሆንም ግፊቱ ይጨምራል። በዚያ ላይ በካንዴሌታው ቀዳዳ የፈሰሰ ዘይት መጀመሪያ የሚገባው ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ውስጥ ወዳለችው ትንሽ የማቃጠያ ክፍል እንጂ ፋሻው ዘንድ አይደለም። ዘይት ከበዛ ደግሞ ፈሳሽ አይታመቅምና ሌላ ጉዳት ያመጣል።

በአየር ነው የሚፈተሸው። አሮጌ ካንዴሌታ ውሰድና መሐሉን አስበሳ፣ ጫፉ ላይ የአየር ቱቦ የሚይዝ አፍ አስበየድ። የጎሚስታ ኮምፕረሰር ይበቃል። የቫልቮላውን ክዳን አንሥተህ የ3ኛው ሁለቱም ቫልቮላዎች ተዘግተው ፒስተኑ የላይኛው ጫፍ እስኪደርስ ሞተሩን በእጅ አዙር። አየሩን ስትለቅ ሞተሩ በድንገት ሊዞር ስለሚችል ማንም እጁን ከችንጋና ከፑሌጃ ያርቅ፤ ቁልፍም ክራንኩ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ላይ ተሰክቶ አይቅር። ከዚያ ሬዲዮ ይጥፋ፣ ሰው ዝም ይበል፣ አድምጥ፦

ፊልትሮው በነበረበት የአየር ማስገቢያ በኩል ሽሽታ ከተሰማ የማስገቢያው ቫልቮላ አይዘጋም። በጭስ ማውጫው ጫፍ ከተሰማ የማስወጫው ቫልቮላ ተቃጥሏል ወይም ክፍተት አጥቷል። ዘይት በሚሞላበት አፍ ከሆነ ፋሻ ነው፤ ጥቂት ሽሽታ ግን ሁሉም ሞተር ያሰማል፣ ከጎረቤቱ ጋር አወዳድረው። ራዲያተሩ ውስጥ ከተንፈቀፈቀ በብሎኩና በቴስታታው መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ወይም ቴስታታው ራሱ ነው። ከ2ኛው ወይም ከ4ኛው ካንዴሌታ ቀዳዳ ከወጣ በሁለቱ መካከል ያለው የጓርኒሲዮን ክር ተቃጥሏል።

ክዳኑ ከተነሣ አይቀር፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ የቫልቮላ ክፍተቱን ለካ። ማስገቢያው ከ0.20 እስከ 0.30፣ ማስወጫው ከ0.40 እስከ 0.50 ሚሊሜትር ነው። ቫልቮላው ወንበሩን እየበላ ሲሰምጥ ክፍተቱ እየጠበበ እንጂ እየሰፋ አይሄድም። ድምፅ አጥፍቶ የሚገድል ነገር ነው፤ የሚያንኳኳ ቫልቮላ ከሱ ይሻላል።

---

የሲኖ ሾፌር — ጥቅምት 14

ይህ ሁሉ ማድመጥ ለምን አስፈለገ? ቴስታታው ይውረድና ይታይ። የ5ኤል ቴስታታ በሁለቱ ቫልቮላዎች መካከል ሲሰነጠቅ ስንቴ አይቻለሁ። ውሃ ይቀንሳል?

---

ባለ ዶልፊን — ጥቅምት 14

ውሃ አይቀንስም። ጠዋት የራዲያተሩን ክዳን ስከፍት ግፊት የለም፣ የውሃው ላስቲክም ለስላሳ ነው። ቴስታታ ማውረድ ጓርኒሲዮን መግዛት ነው፤ መጀመሪያ በአየሩ እሞክራለሁ።

---

ባለ ዶልፊን — ጥቅምት 17

ቶርኖ ቤት እንዳለው ተደረገ። ጎሚስታው ኮምፕረሰሩን በር ድረስ አምጥቶልን የጋራዡ ሰው ሁሉ ጆሮውን እየደገነ አዳመጠ።

የቫልቮላ ክፍተት፦ አንዱ የ2ኛው ማስወጫ 0.38 ሆኖ ተስተካክሏል፤ የ3ኛው ሁለቱም በልኩ ናቸው።

አየር፦ የአየር ማስገቢያው ጸጥ፣ ጭስ ማውጫው ጸጥ፣ ራዲያተሩ ጸጥ። በዘይት አፉ ትንሽ ሽሽታ አለ፤ 1ኛውና 4ኛው ላይ ስንሞክር ያው እኩል ነው። ከ3ኛው ያነሰ ያፈሰሰ ሲሊንደር የለም ማለት ይቻላል።

ታዲያ የማያፈስስ ሲሊንደር እንዴት ኮምፕሬሽኑ ይወርዳል? መካኒኩ መለኪያው ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ተዋሰ። ያም 18 አለ።

---

ጋሽ ኤን ትሬ — ጥቅምት 17

ልጄ፣ በዚህ ክረምት መኪናዋ ውሃ ውስጥ ገብታ ነበር?

---

ባለ ዶልፊን — ጥቅምት 17

እኔ እያለሁ አልገባችም። ሾፌሩን ልጠይቅ።

---

ባለ ዶልፊን — ጥቅምት 18

ጠየቅሁት። መጀመሪያ ዞር ዞር አለ፤ በኋላ ተናገረ። ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ዝናብ የሞላው የመንገድ ዝቅታ ውስጥ ገብቶ ሞተሩ በድንገት ጥርቅም ብሎ ቆሟል። ሰዎች ገፍተው አወጡት። በአቅራቢያው የተገኘ መካኒክ የአየር ፊልትሮውን አውጥቶ ውሃ አራገፈ፣ ኖዝሎቹን ፈትቶ ሞተሩን ሲያዞረው ከአንዱ ቀዳዳ ውሃ እንደ ምንጭ ተፈናጠረ። ኖዝሎቹን መልሶ አሰረ፣ ሞተሩ ተነሣ፣ ሾፌሩም «ዳነች» ብሎ ሥራውን ቀጠለ። መንቀጥቀጡ ከዚያ በኋላ ነው የጀመረው፤ እኔ የሰማሁት ግን መስከረም ላይ ነው።

---

ጋሽ ኤን ትሬ — ጥቅምት 18

ነገሩ እሱ ነው። ውሃ አይታመቅም። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ ውሃው መንገድ ዘጋበት፤ ሦስቱ ሲሊንደሮችና ቮላኖው (የሚዞረው ከባድ ጎማ) ደግሞ ከታች ይገፉታል። ከሁለት አንዱ መሸነፍ ነበረበት፣ ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያያይዘው የ3ኛው ቢየላ ታጠፈ። የታጠፈ ቢየላ ያጥራል። ፒስተኑ እንደ በፊቱ እስከ ላይ አይደርስም፣ አየሩን እንደ በፊቱ አያምቅም። ፋሻው ደህና ነው፣ ቫልቮላው ደህና ነው፣ ጓርኒሲዮኑ ደህና ነው፤ ለዚህ ነው አየር የማያፈስሰው። ከየካቲት እስከ ሰኔ የሚመጣ አንካሳ ሞተር ሌላ ነገር እጠረጥርበታለሁ፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የሚመጣውን ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው።

---

የሙያ መምህርት — ጥቅምት 18

ጋሼ የሚሉት አሳማኝ ነው። በቁጥርም ይገጥማል። የሲሊንደሩ ስፋት 99.5 ሚሊሜትር ስለሆነ ፒስተኑ 1 ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ከቀረ ከላይ 7.8 ሴንቲሜትር ኩብ ያህል ቦታ ይጨመራል። 35 የነበረው 43 ሆነ ማለት ነው፤ 22.2 የነበረው የመታመቂያ መጠንም ወደ 18.3 ይወርዳል። ግፊቱ ከ24 ወደ 19 ገደማ ይመጣል። አንዲት ሚሊሜትር ይህን ያህል ትሠራለች።

ሆኖም ቴስታታው ከመውረዱ በፊት አንድ ነገር ልለምን። «የማያፈስስ ግን የማያምቅ» ሲሊንደር ሌላም ምክንያት አለው፤ በቂ አየር ያልገባበት እንደሆነ። የካምሻፍቱ የማስገቢያ ጉብታ ከተበላ ቫልቮላው የሚከፈተው በግማሽ ነው፣ ሲሊንደሩ ሳይሞላ ይዘጋል፤ በአየር ፈተናም ምንም አይታይም ምክንያቱም ያን ጊዜ ቫልቮላዎቹ ዝግ ናቸው። የቫልቮላውን ክዳን አንሥቶ የጉብታዎቹን ቁመት በሚክሮሜትር ለክቶ ማወዳደር ከአንድ ሰዓት ሥራ አይበልጥም፣ ዕቃም አያስገዛም። የማስወጫው ጉብታ ሲበላ ደግሞ የተቃጠለው ጋዝ መውጫ አጥቶ በማስገቢያው በኩል ይተኩሳል፤ ፊልትሮው ሥር ፑፍ ፑፍ የሚል ድምፅ ሰምተው ከሆነ እሱንም ይንገሩን።

---

ባለ ዶልፊን — ጥቅምት 20

ተለካ። አራቱም የማስገቢያ ጉብታዎች እኩል ናቸው፣ የማስወጫዎቹም እንዲሁ። በፊልትሮው በኩል የሚተኩስ ነገር የለም። ቴስታታው ነገ ይወርዳል።

---

ቶርኖ ቤት — ጥቅምት 20

ቴስታታው ሲወርድ ማንም በጨርቅ እንዳይጠርግ ንገራቸው። የመጀመሪያው ማስረጃ ጥላሸቱ ላይ ነው። ፋሻው ሲመላለስ የሚጠርገው የሲሊንደር ግድግዳና ከላዩ የሚቀረው ጥቁር ቀለበት ድንበር አላቸው፤ በ3ኛው ላይ ያ ቀለበት ከሌሎቹ ሰፍቶ ወይም ሁለት ድንበር ሆኖ ካየኸው ፒስተኑ መድረሻውን ለውጧል።

ቀጥሎ የሰዓት መለኪያውን (እንደ ሰዓት ፊትና መርፌ ያለውን) ብሎኩ ወለል ላይ አቁመህ እያንዳንዱ ፒስተን ከፍተኛው ቦታ ላይ ሲደርስ ከወለሉ ምን ያህል እንደሚወጣ ለካ። ከፒስተኑ መሐል ሳይሆን ፒስተኑን ከቢየላው ከሚያያይዘው ፒን መስመር በላይ በሁለቱ ጎን ለክተህ አማካዩን ያዝ፤ ፒስተን ይወዘወዛል። አራቱንም ጻፍ።

---

ባለ ዶልፊን — ጥቅምት 21

1ኛው፣ 2ኛውና 4ኛው ከብሎኩ ወለል በላይ ብቅ ብለው ይቆማሉ፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት በጣም ጥቂት ነው። 3ኛው ከወለሉ በታች ይቀራል። ከጎረቤቶቹ 1.1 ሚሊሜትር ያጥራል። ጥቁሩ ቀለበት ቶርኖ ቤት እንዳለው ሁለት ድንበር አለው፤ አሮጌው ከላይ፣ አዲሱ ከሥሩ። ቴስታታው ተፈትሾ ስንጥቅ የለውም።

ቢየላው ሲወጣ በዓይን እንኳ ያስታውቃል። መስተዋት ላይ ስናስተኛው ይንገዋለላል።

---

የሲኖ ሾፌር — ጥቅምት 21

እንኳን ተገኘ! አሁን ቢየላውን በፕሬስ ማቃናት ነው። የሚያቃኑ አሉ፣ ከአዲሱ ዋጋ እሩብ እንኳ አይደርስም።

---

ቶርኖ ቤት — ጥቅምት 21

የሚያቃኑ እንዳሉ አውቃለሁ፤ እኔም ቤት ለማቃናት በየወሩ ይመጣልኛል፣ አልሠራም። አንዴ የታጠፈ ብረት ተመልሶ ሲታጠፍ በታጠፈበት ቦታ ይደክማል። ቀጥ ብሎ ይታያል፣ ይለካል፣ ይገባል፤ ከዚያ ጣርማ በር ዳገት ላይ ሙሉ ጭነት ሲያገኘው ይበጠስና ብሎኩን በጎኑ በስቶ ይወጣል። ያን ጊዜ የሚገዛው ቢየላ ሳይሆን ሞተር ነው።

ከሌላ ሞተር የወጣም ቢሆን ቀጥነቱ የተለካ፣ ክብደቱ ከሦስቱ ጋር የሚቀራረብ ቢየላ ግዛ። ብሎኖቹ አዲስ ይሁኑ። የቀሩትን ሦስቱንም ቢየላዎች አውጥታችሁ አስለኩ፤ ውሃው ከአንድ በላይ ሲሊንደር ገብቶ ሊሆን ይችላል። ፒስተኑ ከነሐሴ ጀምሮ አጋድሎ ሲሠራ ስለቆየ የ3ኛውን ሲሊንደር ግድግዳ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች በሁለት አቅጣጫ ለካው። በቢየላውና በክራንኩ መካከል ያለውን የብሮንዚን አበላልም ተመልከት፤ በአንድ ጠርዝ ብቻ ከተበላ ቢየላው መጣመሙን ይመሰክራል፣ የክራንኩም አንገት መለካት አለበት።

ጓርኒሲዮን ግን ገና አትግዛ። የዚህ ሞተር ጓርኒሲዮን በሦስት ውፍረት ነው የሚመጣው፤ የሚመረጠው ፒስተኖቹ ከብሎኩ በሚወጡት ልክ ነው። አዲሱ ቢየላ ገብቶ አራቱም እንደገና ከተለኩ በኋላ ከሁሉ ከፍ ብሎ በሚወጣው ፒስተን ትመርጣለህ። ከልኩ የሳሳ ከሆነ ፒስተኑ ቴስታታውን ሊነካ ይችላል፤ ከልኩ የወፈረ ከሆነ በአራቱም ላይ ኮምፕሬሽን ትጥላለህ፣ የደብረ ብርሃንን ጠዋት ታውቀዋለህ።

---

ባለ ዶልፊን — ኅዳር 2

ሌሎቹ ሦስት ቢየላዎች ቀጥ ያሉ ናቸው። የ3ኛው ሲሊንደር ግድግዳ በልኩ ውስጥ ነው፤ የፒስተኑ ቀሚስ በአንድ ጎኑ ተፍቋል፣ ስለዚህ ፒስተንና ፋሻ ለሱ ብቻ ተቀየረ። ብሮንዚን ለአራቱም። ክራንኩ ደህና ነው። አራቱ ፒስተኖች ተለክተው የመካከለኛው ውፍረት ጓርኒሲዮን ገባ። የታይሚንግ ችንጋውንም አብረን ቀየርነው።

ኮምፕሬሽን አዲስ አበባ ላይ፦ 24፣ 24፣ 23.5፣ 24።

ጠዋት ካንዴሌታው ሞቆ ሲነሣ ጥቂት ሰከንድ ጭስ አለ፣ ከዚያ ይጠራል። ለሾፌሩ የአየር ማስገቢያው የት ከፍታ ላይ እንዳለ አሳይቼዋለሁ። ጋሼ፣ መምህርት፣ ቶርኖ ቤት፣ የጅዳው ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

---

አዲስ ገቢ — ኅዳር 5

ውይይቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የእኔ ሂሉክስ 2ኬዲ ነው፤ እሱም ሚኒሞ ላይ እንዲሁ ይንቀጠቀጣል። የኖዝል ቧንቧ ዳዶውን እንደ ጋሼ አነጋገር ላላ አድርጌ ልሞክር?

---

የጅዳው ቴክኒሺያን — ኅዳር 5

አትንካው! 2ኬዲ ኮመን ሬይል ነው፤ ኢንጀክተሮቹ (ኖዝሎቹ) ሁሉ የሚቀዱት ከአንድ የጋራ የከፍተኛ ግፊት ቧንቧ ነው። በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,300 ባር በላይ ሊደርስ ይችላል፤ በዳዶው ሥር የሚወጣው ናፍጣ በዓይን የማይታይ ሆኖ ቆዳ ይበሳል፣ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ጓንትም ጨርቅም አያስጥለውም። እንዲህ የተወጋ ሰው ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያህልም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለበት።

በአንተ ሞተር ሥራውን ስካነር ይሠራልሃል። ሚኒሞ ላይ ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን ናፍጣ ያሳያል። ለአንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ አብልጦ እየጨመረ ከሆነ ያ ሲሊንደር ደክሟል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ በቀጥታ ኢንጀክተር ይገዛል፤ ኮምፒውተሩ ግን ኢንጀክተሩ ይሁን ኮምፕሬሽኑ አይለይም፣ የሚያውቀው ክራንኩ በዚያ ተራ መዘግየቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ኮምፕሬሽን አስለካ፣ የት ከተማ እንደተለካም አብረህ ጻፍልን።